ይጠይቁን፦ አዲሱ የውሃ ጉዳት ቴክኒሻን ለሰርተፍኬት የሚላከው መቼ ነው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ውሃ የገባበትን ቤት፣ ቢሮና ሱቅ በማድረቅና መልሶ በማቋቋም ሥራ ላይ ካሉ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ሥራው በመሀል አዲስ አበባ እየሰፋ መጥቷል። ሕንፃው እየረዘመ፣ በየጣሪያው የሚቀመጠው ሮቶ እየበዛ ሄዷል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል። የአብዛኞቹ ጥያቄ ግን ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ መልሳችንም በዚያው ላይ አተኩሯል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ቧንቧ ፈነዳብን፣ ሮቶ ሞልቶ ፈሰሰብን እያሉ የሚጠሩን ሕንፃዎች ስለበዙ አራት ወጣቶችን ለዚሁ ሥራ ብቻ ልቀጥር ነው። አይአይሲአርሲ የተባለው የጽዳትና የመልሶ ማቋቋም ሙያ ሰርተፍኬት ሰጪ ተቋም ዕውቅና የሚሰጠውን የውሃ ጉዳት ቴክኒሻን ኮርስ ላስወስዳቸው አስቤያለሁ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም። እንደተቀጠሩ ልላካቸው ወይስ ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ?

መልስ፦ ሁለቱንም አንመክርም። የሚሻለው ከተቀጠሩ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ያውም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው።

በሙያው ደብሊውአርቲ የሚባለው ይህ ኮርስ 19 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። መጨረሻው ላይ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። በእነዚህ ቀናት ስለ ውሃው ንጽሕና ደረጃ፣ ስለ እርጥበቱ ስፋት፣ ስለ አየርና ሙቀት ስሌት፣ ስለ ቁሳቁስ ባሕርይ፣ ስለ ሻጋታና ባክቴሪያ፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ሰነድ አያያዝ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ፓርኬ ሥር የተኛ ውሃ አይቶ የማያውቅ፣ እርጥበት መለኪያ ይዞ ግድግዳ ያልነካ ሰው ከዚህ ሁሉ ይዞ የሚወጣው ቃላቱን ብቻ ነው። ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም የሥራ ቦታው ላይ ሲደርስ የተማረውን ካየው ጋር የሚያገናኝበት ነገር ስለሌለው ትምህርቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተናል።

ዓመት ማቆየት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ያልተማረ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ለማስተው የሚያስቸግር ልማድ ያዳብራል። እጅ ሲነካው የደረቀ የመሰለውን ግድግዳ «ደርቋል» ብሎ ማስረከብ፣ የፍሳሽ ውሃ የገባበትን ክፍል ሳያጸዱ ፋን መክፈት፣ መለኪያውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነክቶ መጻፍ የተለመዱት ናቸው። የዚህ ዋጋ ከኮርሱ ክፍያ ይበልጣል፤ ከነሐሴ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ሻጋታ ብቅ ሲል ደንበኛው የሚጠይቀው እርስዎን ነው።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 10 ሳምንት ያህል ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ የተቀጠረ ሰው ሙከራውን በሚያዝያ ይጨርሳል። እሱ የሚቆይ፣ እርስዎም የሚያቆዩት መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ኮርሱን ከወሰደ ሰኔ ሲገባ ትምህርቱ ገና ትኩስ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴም በየቀኑ ያለማምዱታል። በሰኔ አጋማሽ መላክ ግን የሁሉም መጥፎ ነው። ስልኩ ማቋረጥ የሚያቅተው በዚያው ወቅት ስለሆነ ሠልጣኙ አንድ ጆሮውን ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ሥራው ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

አራቱንም በአንድ ጊዜ አይላኩ። ሁለቱን በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ የቀሩትን ሁለት በጥቅምት ይላኩ። የቀሩት ክረምቱን ከሠለጠኑት ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ። ያልሠለጠነው ይለካል፣ የሠለጠነው ደግሞ ልኬቱን አይቶ ይወስናል። በዚህ ዓይነት ክረምቱን የከረመ ሰው በጥቅምት ሲሄድ አስተማሪውን የሚጠይቀው የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል።

ከኮርሱ በፊት ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢያንስ አንድ የንጹሕ ውሃ ሥራ፣ አንድ የፍሳሽ ውሃ ሥራ፣ አንድ ደግሞ ከላይ ፎቅ ወርዶ ኮርኒስ ያበላሸ ውሃ ከመጀመሪያው እስከ ርክክቡ ድረስ ይከታተል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሙቀትና አንጻራዊ እርጥበትን በሦስት ቦታ ይመዝግብ፦ ጉዳት በደረሰበት ክፍል፣ ባልደረሰበት ክፍልና ከቤት ውጭ። ግድግዳውንና ወለሉንም በእርሳስ ምልክት በተደረገባቸው ነጥቦች ላይ ይለካ። ደብተሩን ይዞ ወደ ኮርሱ ይሂድ፤ እኛ ከዚህ የተሻለ መዘጋጃ አናውቅም።

ኮርሱን የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ፤ እዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን። የመጀመሪያው መብራት ነው። ውሃ የተኛበት ክፍል ውስጥ እግር ከመግባቱ በፊት ብሬከሩ ይውረድ፤ ብሬከሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ወይም ወደ እሱ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካስፈለገ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይንካው። የራስዎ ማሽኖች የሚሰኩባቸው ኤክስቴንሽኖችም 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑራቸው። ሁለተኛው ክትባት ነው። የፍሳሽ ውሃ የሚነካ ሠራተኛ የቴታነስና የሄፓታይተስ ክትባት ያስፈልገዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በ6ኛው ወር ነው። በየካቲት የጀመረ ሰው ሦስተኛውን የሚወስደው በነሐሴ ስለሆነ ክትባቱ በተቀጠረበት ሳምንት ካልተጀመረ ክረምቱ ይቀድመዋል። ጓንት፣ የጎማ ቦቲ፣ የዓይን መከላከያና በትክክል የሚገጥም ኤን95 ማስክ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጠው።

ጥያቄ፦ ለገሀር አካባቢ ባለ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠርኩ ሁለት ወሬ ነው። አለቃዬ ኮርሱን በቀጥታ ሥርጭት በኢንተርኔት እንድወስድ ነግረውኛል። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፤ ስሌት ላይም ደካማ ነኝ። ምን ያህል ጊዜ ልዘጋጅ? ሥራ እየሠራሁስ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃዎታል። ሥራ እየሠሩ መዘጋጀት ይቻላል። ሥራ እየሠሩ ኮርሱን መከታተል ግን አይቻልም፤ ይህን ለአለቃዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያስሉ። በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 የሚጀምር ክፍል፣ እነሱ የበጋ ሰዓታቸውን በሚጠቀሙበት ወቅት፣ ለእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ የሚያልቀውም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በኅዳርና በየካቲት መካከል ደግሞ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ከእንግሊዝ የሚተላለፍ ካገኙ ይቀላል፤ በበጋ ሰዓታቸው የእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር 9፣ የእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያበቃል። የአሜሪካውን ከመረጡ በእነዚያ ሦስት ቀናት ጠዋት ሥራ እንዳይመደብልዎ ይስማሙ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲመጥ የዋለ ሰው ሌሊት ላይ ስለ እንፋሎት ግፊት አይገባውም።

በቀጥታ ሥርጭት ካሜራ ከፍቶ መገኘት ይጠየቃል፤ መብራት ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ከወጡም የተገኙበት ሰዓት ይጎድላል። ስለዚህ ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ባትሪ፣ በስልክዎ የተሞላ ዳታ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ ያዘጋጁ። ሲመዘገቡም ስምዎን ፓስፖርትዎ ወይም ሌላ መታወቂያዎ ላይ በላቲን እንደተጻፈው ያስገቡ። ዛሬ በአንድ ዓይነት፣ ነገ በሌላ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስም ሁለት የተለያየ ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

ስሌቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው መስፈሪያው ነው። ኮርሱ የተዘጋጀው በአሜሪካ መስፈሪያ ስለሆነ ፋራናይት፣ ስኩዌር ፊት፣ ኪዩቢክ ፊት፣ ፓይንትና ግሬይን ያጋጥሙዎታል። እነዚህን በእጅዎ እስኪገቡ ይለማመዱ፦ 1 ካሬ ሜትር 10.76 ስኩዌር ፊት፣ 1 ሜትር ኩብ 35.3 ኪዩቢክ ፊት፣ 1 ፓይንት 0.47 ሊትር፣ በኪሎ አየር 1 ግራም እርጥበት በፓውንድ አየር 7 ግሬይን ነው። የምትሠሩበትን ቢሮ ለክተው በሁለቱም መስፈሪያ ይጻፉ፤ በየቀኑ የሚያነቡትን ሙቀትም ወደ ፋራናይት ይቀይሩ።

ሌላው ማወቅ ያለብዎት ሁለት አመዳደብ ነው፤ ፈተናው ላይም ሥራው ላይም የሚምታቱት እነዚህ ናቸው። ካታጎሪ ስለ ውሃው ንጽሕና ይናገራል፦ 1 ከቧንቧ ወይም ከንጹሕ ሮቶ የመጣ፣ 2 እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ፍሳሽ ያለ የቆሸሸ፣ 3 የሽንት ቤት ፍሳሽ ወይም ሞልቶ የገባ የወንዝ ውሃ። ክላስ ደግሞ ምን ያህል ቁሳቁስ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ፣ ለማድረቅም ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል፤ ከ1 እስከ 4 ይደርሳል። ካታጎሪ ባለበት አይቆይም። ንጹሕ ውሃ በአሮጌ ኮርኒስ ላይ ያለውን የዓመታት አቧራና የአይጥ ኩስ አጥቦ ከወረደ ካታጎሪ 1 መሆኑ ያበቃል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ተኝቶ ከቆየም እንዲሁ።

ፈተናው ባያልፍልዎ ድጋሚ መውሰድ ይቻላል። አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ለሥልጠናው የከፈልኩላቸው ሠራተኞች ሰርተፍኬቱን ይዘው ወደ ሌላ ድርጅት ቢሄዱስ? ሰርተፍኬቱስ በድርጅቱ ስም ሊሆን አይችልም? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሰርተፍኬቱ የሰውዬው ነው፤ ይዞት ይሄዳል። ድርጅት የሚመዘገብበት ሌላ መንገድ አለ፤ ያ ግን የቴክኒሻኑን አይተካም። ወረቀቱን በካዝና ቆልፎ ማስቀረትም ምንም አይጠቅምም፤ ስሙ በተቋሙ መዝገብ ላይ አለ። የሚሻለው ከመላክዎ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ማድረግ ነው። ለምሳሌ ወጪውን በ12 ወር ከፍለው በየወሩ የሚቀንስ ዕዳ ያድርጉት፤ በ6ኛው ወር የለቀቀ ግማሹን ይመልሳል፣ ዓመት የቆየ ምንም የለበትም። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ያሳዩት። ከሰርተፍኬቱ በኋላ ደመወዙን ከፍ ካላደረጉለት ግን የትኛውም ውል አያቆየውም፤ ገበያው ውስጥ የሚፈለግ ሰው ሆኗል።

ሰርተፍኬቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 14 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃል። የማን ወጪ እንደሚሆን ውሉ ላይ ይግባ።

ጥያቄ፦ ኮርሱን ወስዶ የመጣው ቴክኒሻናችን ፒያሳ ላይ ያለ አንድ አዳራሽ ውስጥ በተማረው መሠረት አስልቶ ማሽን ደረደረ። በአምስተኛው ቀን ግድግዳው አሁንም እርጥብ ነው። ስሌቱ ተሳስቶ ነው ወይስ ኮርሱ ለአገራችን አይሆንም?

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ኮርሱም ይሆናል። የጎደለው ከኮርሱ በኋላ ሊሰጠው የሚገባው ሁለተኛ ሥልጠና ነው። ብዙ ድርጅቶች ሰርተፍኬት የመጣ ዕለት ሥልጠና ያለቀ ይመስላቸዋል። ከኮርሱ ተመልሶ በሚመጡት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የተማረውን ከአዲስ አበባ አየር፣ ከቤቶቻችን አሠራርና ከመብራታችን ጋር ማስማማት አለበት። የቴክኒሻናችሁም ችግር ከሚከተሉት በአንዱ ወይም በሁሉም ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ከፍታችን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች 101 ነው። ኮርሱ ላይ የሚሰጠው የአየርና እርጥበት ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። 18 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለውን ክፍል በዚያ ሠንጠረዥ ካነበቡት በኪሎ አየር 7.7 ግራም እርጥበት ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው 10.3 ግራም ያህል ነው። በግሬይን ከሆነ 54 ሳይሆን 72 ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፍታ በሚያስገባ የስልክ ስሌት ይጠቀሙ፣ ወይም ክፍልን ከክፍል ሲያወዳድሩ በእንፋሎት ግፊት (በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት በሚፈጥረው ግፊት) ወይም በጤዛ ነጥብ (እንፋሎቱ ጤዛ መሆን በሚጀምርበት ሙቀት) ያወዳድሩ። ሁለቱም ከሙቀትና ከአንጻራዊ እርጥበት በቀጥታ ስለሚገኙ ከፍታው አያዛባቸውም። አየራችን ሳሳ ያለ ስለሆነም አንድ ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት በባሕር ወለል ከሚያንቀሳቅሰው ሩብ ያህል ያንሳል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 5 ኪሎ ዋት የተባለውን 3.7 ብለው ይቁጠሩት።

ሁለተኛው መስኮት ነው። እዚህ ላይ ወቅቱ ሁሉንም ይወስናል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ውጭው 23 ዲግሪና 30 በመቶ ቢሆን የእንፋሎት ግፊቱ 0.84 ኪሎ ፓስካል ነው። ቅድም ያልነው 18 ዲግሪና 60 በመቶ የሆነ ክፍል 1.24 ነው። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባት ያደርቃል፤ ያውም በነፃ። በሐምሌ ግን ውጭው 15 ዲግሪና 85 በመቶ ሲሆን 1.45 ይደርሳል። ያን ጊዜ መስኮት የከፈተ ሰው እርጥበት እያስገባ ነው። «አየር ይግባበት» የሚለው የቤቱ ባለቤት ልማድ ስለሆነ ቴክኒሻኑ ከሄደ በኋላ መስኮቱ ይከፈታል፤ በማግስቱም ንባቡ ከፍ ብሎ ይገኛል። በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ለጥበቃውም በቃል ይነገረው።

ሦስተኛው ማሽኑ ነው። ኮርሱ በሚከተለው መመዘኛ ስሌት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 5 በ6 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር፣ ወለሉ በሙሉ የራሰ ክፍል 84 ሜትር ኩብ ወይም 2,966 ኪዩቢክ ፊት ነው። ክላስ 2 ከሆነ ለኤልጂአር ዲሁሚዲፋየር (የአየሩ እርጥበት ዝቅ ሲልም መምጠጥ ለሚችል ማሽን) ኪዩቢክ ፊቱ በ50 ይካፈላል፤ 59 ፓይንት ወይም በቀን 28 ሊትር የመምጠጥ አቅም ይፈልጋል። ፋኑ ደግሞ ለክፍሉ 1፣ ለየ4.6 እስከ 6.5 ካሬ ሜትር እርጥብ ወለል አንድ አንድ ስለሚጨመር በጠቅላላ ከ6 እስከ 8 ይሆናል። ችግሩ ያለው «28 ሊትር» የሚለው ላይ ነው። ስሌቱ የሚጠይቀው በ26.7 ዲግሪና በ60 በመቶ የተለካ አቅም ነው። ከውጭ የሚገቡ ብዙ ማሽኖች ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ግን በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ የተለካ ነው። ያው ማሽን በመመዘኛው ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይመጥጣል፤ በ18 ዲግሪ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በክረምት ሌሊት ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ መቀዝቀዣ ቱቦው በረዶ ይይዛል፤ ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ይቆማል፤ ጠዋት ባልዲው ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ ክፍሉን በፕላስቲክ አጥሮ ማሳነስና ማሞቅ ነው፤ ከ21 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆይ። የማሽኖቹ የራሳቸው ሙቀት በትንሽ ክፍል ውስጥ ብዙ ይረዳል።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከሆነ ደግሞ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይዩ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። በ50 ኸርዝ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ፍጥነት ያጣል፣ ይግላልም። ኮርሱ ላይ የተማረው የአምፒር ስሌትም ለእነሱ መስመር የተሠራ ነው። በእኛ 220 ቮልትና 16 አምፒር መስመር ላይ ሙሉው 3,520 ዋት ነው፤ ለሰዓታት ለሚሠራ ጭነት 80 በመቶውን፣ 2,800 ዋት ያህል ብቻ ይጠቀሙ። ሰባት ፋን በ250 ዋትና አንድ 800 ዋት ዲሁሚዲፋየር ተደምረው 2,550 ይሆናሉ። ጠበብ ብሎም ቢሆን ይገባል፤ የአዳራሹ ፍሪጅ በዚያው መስመር ላይ ከሆነ ግን ሌሊት ብሬከሩ ይወርዳል፣ ማድረቁም እስኪነጋ ይቆማል። በሁለት መስመር ይክፈሉት።

አራተኛው፣ ምናልባትም ለፒያሳው አዳራሽ ዋናው፣ ግድግዳው ነው። ኮርሱ በብዛት የሚያስበው በጂብሰም ቦርድ የተሸፈነ የእንጨት ግድግዳ ነው፤ ታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፣ ውስጡ ይደርቃል፣ በአዲስ ይተካል። የእኛ ግድግዳ ብሎኬትና የሲሚንቶ ልስን ነው። ውሃው በብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከሥር ይጠራቀማል፤ ልስኑ ቢደርቅም ከውስጥ ይመግበዋል። ዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ መውጫም የለውም። ይህ ክላስ 4 ነው፤ በክላስ 2 ያሰላ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። ዞኮሎውን ያንሱ፤ ከሶሌታው በላይ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በየብሎኬቱ ቀዳዳ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር በሆነ መሰርሰሪያ ይብሱ። ከመብሳትዎ በፊት የመብራትና የውሃ መስመር የት እንዳለፈ ያረጋግጡ። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ በቀዳዳዎቹ በኩል አየር ይግፉ። በመርፌ መለኪያ ልስን ላይ የሚነበበው ቁጥርም እውነተኛ መቶኛ አይደለም፤ መለኪያው የተሠራው ለእንጨት ነው። ስለዚህ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ውሃ ያልነካውን ተመሳሳይ ግድግዳ ለክተው ወደዚያ ቁጥር መጠጋቱን ይከታተሉ። የእንጨት ወለል ከሆነ ከደረቁ ናሙና በ4 ነጥብ ውስጥ ሲገባ መድረቁን ይቀበሉ።

ከከተማዋ አሮጌ ቤቶች መካከል ግድግዳቸው ጭቃ፣ ወለላቸውም ከሥሩ ክፍት የሆነ ጣውላ የሆኑ አሉ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ፋን በቅርብ አይደግኑ፣ ሙቀትም አያብዙ፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋልም። በዝግታ፣ በራቀ አየር ይድረቅ።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ሲኦሲ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ከኮርሱ ነፃ ያደርገኛል? (ከልደታ)

መልስ፦ አያደርግዎትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እርስዎ ውሃውን ያቆማሉ፣ ቴክኒሻኑ የፈሰሰውን ያደርቃል። ሆኖም የመዘጋጃ ጊዜዎ ያጥራል። የፈነዳ ፍሌክሲብል፣ ያረጀ የሮቶ ተንሳፋፊ፣ የተደፈነ ማንሆል ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ በአንድ ወር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቴክኒሻኖቼ የመጀመሪያውን ኮርስ አልፈዋል። የሕንፃ ማድረቅና የሻጋታ ኮርስ አከታትዬ ላስወስዳቸው? የመጀመሪያውንና የሕንፃ ማድረቁን ኮርስ በጥምር በአምስት ቀን የሚሰጡም አሉ ብለውኛል። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ኤኤስዲ የሚባለው የሕንፃ ማድረቅ ኮርስም ሆነ ኤኤምአርቲ የሚባለው የሻጋታ ኮርስ መጀመሪያ ደብሊውአርቲን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ምርጫ የለዎትም። ምርጫ ያለዎት በመካከላቸው ያለው ጊዜ ላይ ነው።

ጥምሩን ለጀማሪ አንመክርም። ጥምሩ ዓመታት ለሠራና ወረቀት ብቻ ለጎደለው ሰው ይመቻል። ለአዲስ ሰው አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ይለፉ፤ ክፍል ዘግቶም መስኮት ከፍቶም ያድርቅባቸው። ኤኤስዲ ከ26 ሰዓት ያላነሰ ሲሆን ዋናው ጥቅሙ ሆን ተብሎ ውሃ የለቀቁበትን ቤት ሠልጣኞች ራሳቸው ማድረቃቸው ነው። ስለዚህ በአካል ይሂዱ፤ የጉዞ፣ የቪዛና የማረፊያ ወጪ ይያዝለት። ቪዛው ሊዘገይ ስለሚችል ለመጋቢት ኮርስ በመስከረም መጀመር ይሻላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይላኩ፤ ስሌትና መዝገብ የሚወደውን ይምረጡ። ሌላው በዚያው ጊዜ ሥራውን ይዞ ይቆይ።

የሻጋታው ኮርስ የሚወሰነው በሚመጣልዎ ሥራ ነው። ደንበኞችዎ በውሃው ዕለት የሚጠሩዎ ከሆነ ሊቆይ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ፣ ቁም ሣጥን ጀርባና ኮርኒስ ላይ ጥቁር ነገር ካዩ በኋላ የሚጠሩዎ ከበዙ ግን ከኤኤስዲ ያስቀድሙት። ሻጋታ ባልሠለጠነ ሰው ሲፋቅ ወደ ሌላው ክፍል ይበተናል። እስከዚያው ድረስ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚበልጥ ሻጋታ ያለበትን ሥራ አይቀበሉ። ፋንም አይክፈቱበት፤ በሩን ዘግተው፣ የበሩን ሥር በፕላስቲክ ሸፍነው ሙያው ላለው ያስተላልፉ።